1 ኪሎባይት 1000 ባይት ነው ወይስ 1024?

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ፈተና ደርሶብኛል፤ አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል።

መማሪያችን 1 ኪሎባይት 1024 ባይት ነው ይላል። ኮምፒውተር የሚሠራው በ0 እና በ1 ስለሆነ ስሌቱ በ2 ርቢ (2×2×2… እየተባለ) ነው፤ እስከዚህ ግልጽ ነው። የሃርድ ዲስኬ ካርቶን ላይ ግን 1 ቴራባይት ተጽፏል፤ ዊንዶውስ ላይ ስሰካው 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ዲስኩ ደግሞ ባዶ ነው! ያው ዲስክ ማክ ላይ ሲሰካ 1 ቴራባይት ገደማ ይላል። አምራቾች በ1000 እንደሚቆጥሩ አንብቤያለሁ። 1,000,000,000,000ን ለ1024 ሦስት ጊዜ ሳካፍል እውነትም 931 መጣልኝ።

ታዲያ ፈተና ላይ የቱን ልጠቀም? የራም መጠንስ ለምን በ1024 ይቆጠራል? ኪቢባይት የሚባለውስ (ለ1024 ባይት ብቻ የወጣው ስም) መቼ ነው የሚጻፈው? ቁጥሩን መሸምደድ አልፈልግም፣ ምክንያቱን ነው። እባካችሁ የምታውቁ በምሳሌ አስረዱኝ።