የኮርቲሶል ምርመራ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው፦ ደም፣ ምራቅ፣ ሽንት ወይስ ፀጉር?

«የስትረስ ሆርሞን (ኮርቲሶል) ደሴ ላይ የት ላሰራ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አምና እህቴን ይዤ የዞርኩበት ጉዳይ ስለሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከላብራቶሪው ስም በፊት ሰዓቱን አስቡ።

ኮርቲሶል የሚመነጨው ኩላሊት ላይ ከተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ነው። ከእንቅልፍ በነቃን በ30 እና በ45 ደቂቃ መካከል ጣራ ይነካል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ሌሊት ተረኛ የሚሠራ ወይም በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ ሰው ዑደቱ ስለሚዛባ ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

እኛን ያንገላታን ይኸው ሰዓት ነው። እህቴ ደም የሰጠችው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ቱቦው ላይ «2፡00» ተብሎ ተጻፈና ናሙናው አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብበው ከሰዓት በኋላ አደረጉት። ውጤቱ 17 ማይክሮግራም በዴሲሊትር፤ ለጠዋት ደህና ቁጥር ነው። ከከሰዓቱ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ግን «ከፍተኛ» ተብሎ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን እንቅልፍ አጣ። ስለዚህ «ጠዋት» የሚለውን ቃል በፊደል አስጽፉ። ሳታዩ ከወንበሩ አትነሱ።

ኮርቲሶል አንሶበታል ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው ለመጀመሪያ ምርመራ የጠዋት ደም ይበቃል። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ደሙን እዚሁ በሴንትሪፊዩጅ (አሽከርክሮ በሚለየው መሣሪያ) ትለያላችሁ? በበረዶ ሳጥን ነው የምትልኩት? በግልጽ የሚመልስላችሁን ምረጡ። ደም የሚያሳየው ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀውንም ጨምሮ ነው። ነፍሰ ጡርና ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የምትወስድ ሴት ያለ ሕመም ቁጥሩ ይጨምርባታል። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ኤስትሮጅን ስለሌለው በዚህ አያስቸግርም።

ምራቅ ግን ልቤን ይወስደዋል። ነጻውን ሆርሞን ብቻ ይለካል፣ መርፌ የለም፣ እኩለ ሌሊት እቤታችሁ ሆናችሁ ጥጡን አፋችሁ ውስጥ ትይዙታላችሁ። ናሙናው ያለ ፍሪጅ ቀናት ስለሚቆይ የ400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ አያበላሸውም። ኩሺንግ (ኮርቲሶል ከመጠን በላይ የሚበዛበት ሕመም) ለተጠረጠረበት ሰው ሁለት ሌሊት መውሰድ ይመከራል። ከዚያ በፊት ምግብ፣ ቡና፣ ጫት ይቅር። መፋቂያም አትጠቀሙ፤ ድድ ከደማ ደሙ ቁጥሩን ያንረዋል። መያዣውን የሚሰጥ ላብራቶሪ ማግኘት ነው ፈተናው። ካገኛችሁ አትለፉት።

የ24 ሰዓት ሽንትም ጥሩ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለው ሁሉ ይጠራቀማል። አንዱ ካመለጠ ውጤቱ ይሳሳታል። ገበያ ውላችሁ በምትገቡበት ቀን አትሞክሩት። ፀጉር ሥሩ ላይ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር የ3 ወር ታሪክ ይይዛል ይባላል፤ የሚጠቅመው ግን ለጥናት ነውና ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር። አብዛኛው ላብራቶሪ የሚጠቀመው በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ኤላይዛ አንዱ ነው። ይህ ዘዴ ፕሬድኒሶሎንን፣ ማለትም ኮርቲሶልን የሚመስል የስቴሮይድ መድኃኒትን፣ ኮርቲሶል ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለው፣ ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለየው ዘዴ ግን ሁለቱን ይለያል። የአስም ክኒን፣ የመገጣጠሚያ መርፌ፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ባዮቲን ካለ አትደብቁ። ፊት ማቅያ ክሬምንም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ እጢውን ያደክማሉ። ስቴሮይድን በራሳችሁ በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ሐኪም ይወስን።

የኑሮ ጭንቀት ብቻ ከሆነባችሁ አብሽሩ፣ አንድ የኮርቲሶል ቁጥር ጭንቀትን አይለካም። ምርመራው የእጢ ሕመም ለተጠረጠረበት ነው። ሐኪሙ ኤሲቲኤች (አድሬናልን ኮርቲሶል እንዲያመነጭ የሚያዝ ሆርሞን) ካዘዘ ደግሞ ናሙና አትላኩ። ቱቦው በበረዶ ተይዞ ቶሎ መለየት ስላለበት፣ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ እዚያው የሚሠራበት ቦታ ስጡ።