ስም ከቀየርኩ በኋላ ሱዶ ያስጠነቅቀኛል

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሆስትኔም ፋይል ከፍቼ የማሽኑን ስም ቀየርኩና ሪስታርት አደረግኩ። አሁን ሱዶ (ሌላ ትእዛዝን በአስተዳዳሪ መብት የሚያሠራው) ባልኩ ቁጥር አዲሱን ስም ጠርቶ ሆስቱን ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ትእዛዙ ግን ይሠራል። ምን ጎደለ?

መልስ፦ የቀየርከው ግማሹን ነው። እዚያው ኢቲሲ ውስጥ ሆስትስ የሚባል ሌላ ፋይል አለ፤ በ127.0.1.1 (ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አይፒ አድራሻ) የሚጀምረው መስመር ላይ አሮጌው ስም እንዳለ ነው። ሱዶ የአዲሱን ስም አድራሻ ሲፈልግ ያጣዋል፣ ማስጠንቀቂያው ከዚያ ይመጣል። ፋይሉን በሱዶ ናኖ (ናኖ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው) ክፈትና ስሙን ተካ፤ በአይፒውና በስሙ መካከል ስፔስ ወይም ታብ ይኑር። የ127.0.0.1 ሎካልሆስትን መስመር ግን እንዳትነካ፣ ብዙ ፕሮግራም የሚደገፈው በእሱ ነው። ሴቭ ካደረግክ በቃ፣ ሪስታርት አያስፈልግም።

ሌላ መልስ፦ ስሙንም እየው። ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ተጠቀም፤ አንደርስኮር ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ጠያቂ፦ ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ። ክላውድ ላይ ያለው ሰርቨር ግን ሪስታርት ሲደረግ አሮጌውን ስም ይመልሳል።

መልስ፦ እሱ የክላውድ ኢኒት ሥራ ነው፣ የክላውድ ሰርቨር ሲነሳ ሴቲንጉን የሚያስተካክለው ፕሮግራም። ኢቲሲ ሥር ክላውድ ፎልደር ውስጥ ባለው ዋና ኮንፊግ ፋይል ላይ «ፕሪዘርቭ ሆስትኔም» የሚለውን ከፎልስ ወደ ትሩ ቀይር። ከኮለኑ ቀጥሎ ያለችውን ስፔስ እንዳታጠፋት፤ ፋይሉ የተጻፈበት ያምል የሚባለው ፎርማት ላይ ያለሷ አይነበብም።