ራይ አይፒኤ ቢራ ሲከፈት ገነፈለ፤ ቀማሾቹ ዛሬ 10 ሰዓት ይደርሳሉ

ቀማሹ ከለገጣፎ፣ 6፡20

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። ጎረቤቴ በቤቱ የጠመቀውን ራይ አይፒኤ፣ ማለትም ራይ የተባለ እህል የገባበትን መራራ ቢራ፣ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እኔ ቤት ተሰብስበን ልንቀምስና ቢጄሲፒ በተባለው የቢራ ዳኞች ድርጅት ቅጽ ነጥብ ልንሰጥ ቀጠሮ ይዘናል። ለሙከራ አንዱን ጠርሙስ ስከፍተው ቆርኪው እንደተነሳ አረፋው ገንፍሎ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቢራ ወለል ላይ ፈሰሰ። የቀረው ጉሽ ጠላ መስሏል፤ ሲቀምሱት ምላስ ላይ ቁንዶ በርበሬን የሚያስታውስ መፋጀት አለው፤ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ የለጋ ቅቤ ሽታ አፍ ውስጥ ይቀራል። ይህ ቢራ ተበላሽቷል ማለት ነው? ተበላሽቶ ከሆነ ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ደውዬ ቀጠሮውን ልሰርዝ፤ ካልሆነም የቀሩትን ጠርሙሶች እንዴት አድርጌ ልክፈታቸው?

አረፋ ብቻ፣ 6፡26

ወለሉ ስንት ነጥብ ሰጠው? ለማንኛውም አይደናገጡ። በቢጄሲፒ ቅጽ ከ50ው ነጥብ ለመልክ የተመደበው 3 ብቻ ነው፤ 12 ለሽታ፣ 20 ለጣዕም፣ 5 አፍ ውስጥ ለሚኖረው ስሜት፣ 10 ደግሞ ለአጠቃላይ ግምገማ ይሰጣል። ስለዚህ ጎረቤትዎ አረፋውን በሙሉ ለወለሉ ቢያበረክቱ እንኳ ከውድድር አይወጡም።

የሰሚቱ፣ 6፡31

ቢራው ስለሞቀ ነው። ጠርሙሶቹን አሁኑኑ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቧቸው፤ በደንብ ሲቀዘቅዙ አይገነፍሉም።

ቀማሹ ከለገጣፎ፣ 6፡33

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

መምህር ዘብቅል፣ 6፡48

መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለ ምን ዓይነት ቢራ እየተነጋገርን እንደሆነ መታወቅ አለበት። አይፒኤ በመጀመሪያ ከለንደን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1820ዎቹ ወዲህ ደግሞ በብዛት ከእንግሊዟ የበርተን ከተማ ወደ ህንድ ይላክ የነበረው፣ ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ሆፕ የተባለ ተክል የበዛበት፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢራ ነው። የዛሬውን መልኩን የሰጡት ግን የአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣውን ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዝርያ ተጠቅመው የብርቱካን ልጣጭና የጥድ ሙጫ ሽታ ያለው መራራ ቢራ ሠሩ። ራይ ደግሞ የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ፣ በሰሜንና በምሥራቅ አውሮፓ ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበት እህል ሲሆን፣ ፊንላንዶች ሳህቲ በተባለው መጠጣቸው፣ ጀርመኖችም በሮገንቢር ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በራይ አይፒኤ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ብቅል ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ራይ ነው። ይህ እህል እንደ ገብስ ገለፈት የለውም፤ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚያዝለገልግ ንጥረ ነገርም ይበዛበታል፤ በዚህ ምክንያት ድፍድፉ ሲጠለል ያስቸግራል፣ የተጠናቀቀው ቢራም ወፈር ያለ ይሆናል። በቢጄሲፒ መመዘኛ መሠረት የአልኮሉ መጠን ከ5.5 እስከ 8 በመቶ፣ ምሬቱም አይቢዩ በተባለው የምሬት መለኪያ ከ50 እስከ 75 መሆን ይጠበቅበታል።

አረፋ ብቻ፣ 6፡52

መምህር፣ ቀማሾቹ ለገጣፎ ሊደርሱ ነው፤ እኛ ገና በርተን ነን።

ተሟጋች ዘኮተቤ፣ 7፡05

እኔ ጥያቄው የተነሳበትን ሐሳብ አልቀበለውም። ጠያቂው መገንፈሉን፣ ድፍርስነቱን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ቅቤውን በአንድ ከረጢት ከተው «ተበላሽቷል ወይ?» ይሉናል፤ አራቱ ግን አንድ አይደሉም። የሚፋጀው ጣዕም ራዩ የሚታወቅበት ጠባይ ስለሆነ ባይገኝ ኖሮ ነበር ነጥብ የሚቀነሰው። መጠነኛ ድፍርስነትም በዚህ ዓይነት ቢራ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚመስለን እንደ ውሃ የጠራውን ላገር የተባለ ቢራ እየጠጣን ስለኖርን ነው። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቀማሾቹ የጎረቤትዎ ወዳጆች ከሆኑና ቢራው የማን እንደሆነ እያወቁ የሚቀምሱ ከሆነ ነጥቡ የይሉኝታ ነጥብ ይሆናል። ከገበያ የተገዛ አንድ ሌላ ቢራ ጨምረው፣ በቁጥር ብቻ በተለዩ ብርጭቆዎች ያቅርቡላቸው። ቀጠሮውን መሰረዝ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ዳኛ የሚጠራው ጉድለት እንዲያገኝ አይደለም እንዴ?

የሰሚቱ፣ 7፡09

በድጋሚ እላለሁ፤ ችግሩ ሙቀት ነው። ያቀዝቅዙት።

የጠመቃ ቤት ሠራተኛ፣ 7፡24

ማቀዝቀዝ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደገነፈለ ሳይታወቅ ጠርሙሶቹን መነካካት ለዓይንም ለእጅም አደገኛ ነው። ከመጠን በላይ ጋዝ የያዘ ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል በመጀመሪያ እያንዳንዱን በወፍራም ፎጣ ይጠቅልሉ፤ መነጽር ካለዎትም ያድርጉ።

ቅቤውና መገንፈሉ አብረው መምጣታቸው አንድ ነገር ይጠቁመኛል። በአይፒኤ አሠራር ቢራው መብላላቱን ከጨረሰ በኋላ ለሽታው ሲባል ሆፕ ሳይፈላ በቀጥታ ይጨመርበታል። ሆፑ ግን የራሱ ኢንዛይሞች ስላሉት እርሾው ሊበላቸው ያልቻላቸውን ረጃጅም ስኳሮች ይሰባብራቸዋል፤ ያኔ አርፎ የነበረው እርሾ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ቢራው በዚህ መሐል ጠርሙስ ከገባ ሁለት ነገር ይከተላል፤ የሚወጣው ጋዝ ታፍኖ ይቀራል፣ የቅቤ ሽታ የሚሰጠው ዳያሲታይልም እንደ አዲስ ይፈጠራል። ለጋዝ ተብሎ የተጨመረው ስኳርም በሊትር ከ6 ግራም ገደማ በጣም በልጦ ከሆነ ነገሩን ያባብሰዋል።

ሌላው ሊጠረጠር የሚገባው የዱር እርሾ ነው። እሱ የገባበት ቢራ ቅርንፉድ ወይም የቁስል ፕላስተር ይሸታል፣ አፍ ውስጥም ውሃ ውሃ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ በጠርሙሱ አንገት ውስጥ ቀለበት የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ይታያል። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሁለተኛና ሦስተኛ ጠርሙስ ከፍቶ ማወዳደር ነው፤ ሁሉም እኩል ከገነፈሉ ጥፋቱ በጠመቃው ወይም በስኳሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ያ ጠርሙስ በደንብ አልታጠበም።

አሁን ወደ አከፋፈቱ ልምጣ። መብራት ከሌለ በአካባቢዎ ጄኔሬተር ካለው ምግብ ቤት በረዶ ያስመጡ። ጠርሙሶቹን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁመው በረዶውን ቀስ በቀስ፣ ጨው ደግሞ አንድ ሁለት እፍኝ ይጨምሩበት፤ ውሃ በሌለው በረዶ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚነካው የበረዶ ውሃ ፈጥኖ ያቀዘቅዛል፤ ጋዙም በቀዘቀዘ ቢራ ውስጥ ሟሙቶ ለመቆየት ይመቸዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በፎጣው እንደተጠቀለለ ቆርኪውን በመክፈቻው ጫፍ ትንሽ ብቻ ላላ ያድርጉት፤ «ሲስ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ መልሰው ይጫኑት፣ አረፋው እስኪወርድ ይጠብቁ፣ እንደገና ያላሉት። ድምፁ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ ከታች ያለውን አተላ ሁለት ጣት ያህል አስቀርተው፣ በቀዘቀዘ ጆግ ውስጥ በዝግታ ያንቆርቁሩት። ከጆጉ ሲቀዳ ሁሉም ቀማሽ አንድ ዓይነት ቢራ ይደርሰዋል።

ወይዘሮ ጌሾ፣ 7፡40

ልጄ፣ ቢራውን እነርሱ ነግረውሃል፤ እኔ ስለ ቤቱ ልናገር። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ዕጣን እንዳታጨሱ፤ ቡና ማፍላቱንም ለመጨረሻ አቆዩት። ጠላ ስጠምቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በዕጣን የታጠነ ቤት ውስጥ የተቀዳ መጠጥ የጌሾውን ሽታ ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ይህ የፈረንጆቹ ሆፕም ያው መራራ ቅጠል መሰል ነገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ብርጭቆውን በሳሙና ካጠባችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ የሳሙና ርዝራዥ አረፋውን ይገድለዋል። በመሐል በመሐል አፋቸውን በውሃና ጨው በሌለው ዳቦ ያጽዱ እንጂ እንጀራ አትስጧቸው፤ ኮምጣጣ ነው፣ የሚቀጥለውን ጉንጭ ያሳስታል። ክትፎውም ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ይቅረብ፤ አለዚያ ቅቤው የቢራው ነው የሥጋው ስትሉ ልትመሹ ነው።

መምህር ዘብቅል፣ 7፡46

ለትክክለኛነቱ ያህል፣ ለጠመቃ የሚፈለገው የሆፕ ክፍል ቅጠሉ አይደለም፤ የሴቴዋ ተክል አበባ ነው።

ወይዘሮ ጌሾ፣ 7፡48

አበባም ይሁን ቅጠል፣ ዕጣኑን አታጭሱ።

ቀማሹ ከለገጣፎ፣ 7፡55

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በረዶ እንዲመጣ ልኬአለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ቤት ውስጥ ያለኝ ወፍራም የውሃ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ብርሌ ግን አለኝ፤ በብርሌ ቢቀርብ ምን ይላችኋል? ደግሞም ጎረቤቴ ምሬቱ 65 አይቢዩ ነው ብሎ ጽፎልኛል፤ እኔ የቀመስኩት ግን ያን ያህል መራራ አይደለም፤ ምላሴን ልጠራጠር ወይስ ጽሑፉን?

አረፋ ብቻ፣ 7፡58

በብርሌ ካቀረቡት ከ50 ይልቅ ከ51 ይያዝለት፤ አንዷ ነጥብ ለጀግንነት። በቁም ነገር ግን የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይደርስበትም፤ ለሽታ የተመደበው 12 ነጥብ እዚያው አንገቱ ላይ ይቀራል። ከጎረቤት የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይዋሱ፤ ሲሶውን ብቻ ቀድተው፣ አፉን በመዳፍ ሸፍነው ትንሽ ካሽከረከሩት በኋላ ወዲያው ያሽቱት። ነጥብም ሳይነጋገሩ በየግል ይጻፉ፤ አንዱ «ቅቤ» ብሎ ጮክ ካለ ሌሎቹ ሁሉ ቅቤ ይሸታቸዋል።

የሰንዳፋው ጠማቂ፣ 8፡10

ምላስዎን አይጠራጠሩ። የእኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሆፕ ምሬቱን የሚለቀው አልፋ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገሩ በሚፈላው ፈሳሽ ውስጥ ቅርጹን ሲለውጥ ሲሆን፣ ሙቀቱ በቀነሰ ቁጥር ይህ ለውጥ በእጅጉ ይዘገያል። ጎረቤትዎ የውጭ አገር ቀመር ወስደው ቁጥሩን ሳያስተካክሉ ከጠመቁ ወረቀቱ 65 ቢልም ብርጭቆው ውስጥ ያለው ከዚያ ያነሰ ነው። ዳኛ ደግሞ የሚመዝነው ብርጭቆውን ነው፤ «ምሬቱ ከዓይነቱ ያነሰ ነው፤ ሆፑ ረዘም ላለ ጊዜ ይፍላ ወይም ይጨመር» ብለው በአስተያየቱ ቦታ ቢጽፉላቸው ከነጥቡ የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ከፍታው በመገንፈሉም ውስጥ እጁ አለበት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ለዝቅተኛ አገር የተሰላ ጋዝ እዚህ ሲከፈት ይበረታል።

ተሟጋች ዘኮተቤ፣ 8፡16

ከፍታውን ሰበብ አናድርገው፤ አዲስ አበባ ዙሪያ የሚጠመቀው ቢራ ሁሉ በዚሁ ከፍታ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ወለል ላይ ሲፈስ ግን አላየንም።

የሰንዳፋው ጠማቂ፣ 8፡19

ሰበብ አላልኩም፤ ያባብሳል ነው ያልኩት። ፋብሪካ ጋዙን እየለካ ይሞላል፤ የቤት ጠማቂ በስኳር ይገምታል።

የጠመቃ ቤት ሠራተኛ፣ 8፡30

አንድ ነገር ልጨምር። በቅዝቃዜ ውስጥ የቅቤው ሽታ ስለሚደበቅ በረዶ እንደሆነ አይቅመሱት፤ ከተቀዳ በኋላ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይተዉትና እንደገና ያሽቱት። ጎረቤትዎ «ቅቤውን ለማጥፋት ጠርሙሶቹን ሞቅ ያለ ቦታ ላስቀምጣቸው» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ፤ እርሾ ሲሞቅ ዳያሲታይልን መልሶ እንደሚበላ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ ከእርሱ ጋር ግፊቱም ስለሚጨምር አልመክርም። ለመሆኑ ሆፑ ከተጨመረ ከስንት ቀን በኋላ ነው ጠርሙስ የገባው? በቢራው ውስጥ የቀረው የስኳር መጠንስ ሃይድሮሜትር በተባለው መለኪያ ተደጋግሞ ተለክቶ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ነበር?

የሰሚቱ፣ 8፡34

ቀዘቀዙ?

አረፋ ብቻ፣ 11፡20

ኧረ ነጥቡ ስንት ሆነ? ዳኞቹ ቀመሱት ወይስ ታጠቡበት?

የጠመቃ ቤት ሠራተኛ፣ 11፡45

ጠያቂው እስኪመለሱ ድረስ፦ ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ካሉ ሳሎን ውስጥ አይደሩ፤ ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሆነው ልጆች በማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ። ከላይ ያነሳኋቸውን ሁለት ጥያቄዎች ጎረቤትዎ ራሳቸው ቢመልሱልኝ ለሚቀጥለው ጠመቃ የሚያስፈልገውን ስኳር አስልቼ እልክላቸዋለሁ።