ወግ አጥባቂ ዕጩዎችን ስንነቅፍ ድንበሩ የት ላይ ነው?

አዲስ መራጭ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ጥቂት ዓመታት ሆነውኛል፤ በዚህ የፕሬዚዳንት ምርጫ የዴሞክራቶችን ዘመቻ በበጎ ፈቃድ እያገዝኩ ነው። ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ገጽ በራሪ ወረቀት ወደ አማርኛ መመለስ ሲሆን፣ ወረቀቱ አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ለቤት የሚታደል ነው። አብዛኛው ይዘቱ የሪፐብሊካን ዕጩዎችን ይነቅፋል። እኔም በብዙው እስማማለሁ።

ሥራውን ያስቆመኝ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ዕጩዎቹን የሚጠራበትን ቃል «አክራሪ» ብዬ ብመልሰው፣ አማርኛ አንባቢ ወዲያው የሚታየው በሃይማኖት ስም ሰው የሚያሳድድ ሰው ነው። «ጽንፈኛ» ብለው ደግሞ በአገራችን ያሳለፍናቸው የመከራ ዓመታት ቃሉን የጦርነት ቃል አድርገውታል፤ አንድ ወንድሙ የሞተበት ሰው ያንን ቃል በሩ ላይ ሲያነበው ስለ ግብርና ስለ ጤና መድን የምንነግረውን የሚሰማ አይመስለኝም። ወረድ ብሎ ደግሞ ዕጩዎቹ «ስደተኛን ይጠላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ፖሊሲያቸው እንደሚጎዳን አምናለሁ፤ በልባቸው ውስጥ ያለውን ግን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ጥያቄዬ ይህ ነው። በቀደሙት የአሜሪካ ምርጫዎች ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞች ላይ ከተሰነዘሩት ነቀፌታዎች የትኞቹ በማስረጃ ጸንተው ቆሙ፣ የትኞቹስ ስም ማጥፋት ሆነው ቀሩ? ታሪኩን የምታውቁ ብትነግሩኝ ወረቀቱን በምን ሚዛን ላርመው እንደሚገባኝ እረዳለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ይሻላል።)

ታክስ ሠሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የ2012ቱን ምርጫ ላንሳ፤ ሙያዬ ታክስ መሥራት ስለሆነ የዚያን ጊዜው ክርክር እስካሁን በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያልፋል። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ሚት ሮምኒ በሜይ ወር ቦካ ራቶን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ለዘመቻው ገንዘብ ለሚሰጡ ባለጸጎች በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ሲናገሩ በድብቅ ተቀረጹ፤ ማዘር ጆንስ የተባለው መጽሔት ደግሞ ቪዲዮውን በሴፕቴምበር ይፋ አደረገው። የንግግራቸው ፍሬ ነገር 47 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ምንም ቢመጣ ለኦባማ ድምፅ ይሰጣል፣ መንግሥትን ተደግፎ የሚኖር፣ ራሱን እንደ ተበዳይ የሚቆጥርና የገቢ ግብር የማይከፍል ነው፣ ስለ እነዚህ ሰዎች መጨነቅ የእኔ ሥራ አይደለም የሚል ነበር።

ቁጥሩ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ታክስ ፖሊሲ ሴንተር የተባለው የጥናት ተቋም በ2011 የፌዴራል የገቢ ግብር የማይከፍሉት ቤተሰቦች 46 በመቶ ገደማ እንደሚሆኑ አስልቶ ነበር። ስሕተቱ ለቁጥሩ በተሰጠው ትርጉም ላይ ነው፤ ከእነዚህ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሠርተው የሚያድሩ፣ ከደመወዛቸው ለሶሻል ሴኪዩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአዛውንት የጤና መድን) የሚቆረጥባቸው ሲሆኑ፣ ከቀሩት ውስጥ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው።

በአንድ ሰው ላይ ላሳይዎት። በ2012 ዓመቱን ሙሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቶ 30,000 ዶላር ያገኘ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት የሆነ ሰው ደብሊው ቱውን፣ ማለትም የዓመት ደመወዙንና የተቆረጠበትን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ እንበል። በዚያ ዓመት ለባልና ሚስት ከግብር ነጻ የሚደረገው መደበኛ ተቀናሽ 11,900 ዶላር ነበር፤ ለአምስቱ የቤተሰብ አባላት ደግሞ በነፍስ ወከፍ 3,800 ዶላር ይነሣል። ድምሩ 30,900 ዶላር ስለሚሆን ግብር የሚጣልበት ገቢ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ ሰው ከ47 በመቶዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ሣጥን 4 ላይ ለሶሻል ሴኪዩሪቲ የተቆረጠ 1,260 ዶላር፣ ሣጥን 6 ላይ ደግሞ ለሜዲኬር የተቆረጠ 435 ዶላር ተጽፎ ይታያል። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ይህን ሰው «የመንግሥት ጥገኛ» ማለት በደል ነው፤ ይህንንም ስጽፍ ስሜቴን መደበቅ አልፈልግም።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ይህ ቤተሰብ ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች በሚሰጠው የታክስ ድጋፍ ከተቆረጠበት የሚበልጥ ገንዘብ ሊመለስለት እንደሚችል መናገር አለብኝ። ድጋፉን በ1975 በሕግ የፈረሙት ግን ጄራልድ ፎርድ፣ በ1986 ያሰፉት ደግሞ ሮናልድ ሬገን ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሪፐብሊካን ነበሩ። በአንድ ልጅ የሚሰጠውን ድጋፍ ወደ 1,000 ዶላር ያሳደገውን የ2001 ሕግ የፈረሙትም ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ናቸው። ሮምኒ የነቀፏቸው ብዙ ቤተሰቦች የገቢ ግብር የማይከፍሉት በገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንቶች ፊርማ ነበር ማለት ነው።

ይህ ነቀፌታ የጸናው ከሰውየው አፍ በወጣ ቃል ላይ ስለቆመ ነው። ሮምኒ ራሳቸው መጀመሪያ ንግግሩ በደንብ ያልተገለጸ ነው ካሉ በኋላ በኦክቶበር ፈጽሞ የተሳሳተ ነበር ብለው አምነዋል። በእርስዎ ወረቀትም ዕጩው የተናገረውን ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፉት፤ ከሥሩም ለአንድ የእኛ ሰው ቤት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ያሳዩ።

ሪፐብሊካን መራጭ (ዳላስ)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በቅንነት በማቅረብዎ አከብርዎታለሁ። እኔ ድምፄን ለሪፐብሊካን የምሰጥ ሰው ነኝ፤ በ2012ም የመረጥኩት ሮምኒን ነው። ስለ 47 በመቶው ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ያን ጊዜም አሳዝኖኛል። ነገር ግን በዚያው ምርጫ የተደረገው ሌላው ነገር መነገር አለበት።

በወቅቱ የሴኔቱ አብላጫ መሪ የነበሩት ዴሞክራቱ ሃሪ ሪድ፣ ሮምኒ ለ10 ዓመት ግብር አልከፈሉም የሚል ወሬ በኦገስት ወር በሴኔቱ ወለል ላይ ቆመው ተናገሩ። ወሬውን ማን እንደነገራቸው ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆኑም። በሴፕቴምበር ሮምኒ ያለፈውን ዓመት ሰነድ ይፋ ሲያደርጉ ከ1.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው ተገኙ፤ የሒሳብ ባለሙያዎቻቸውም በ20 ዓመት ውስጥ ግብር ያልከፈሉበት ዓመት እንደሌለ አረጋገጡ። ሪድ በ2015 ስለዚሁ ጉዳይ በቴሌቪዥን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ሮምኒ አላሸነፈም አይደል እንዴ የሚል ነበር። ይህን መልስ በሰማሁበት ቀን ያደረብኝ ቅሬታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሌላም አለ። ኦባማን የሚደግፍ አንድ ቡድን ባዘጋጀው ማስታወቂያ፣ ሮምኒ የመሠረቱት ቤን ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ይዞት የነበረ የብረት ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራውንና የጤና መድኑን ያጣ ሠራተኛ ቀርቦ፣ ባለቤቱ በካንሰር እንደሞተች ተናገረ። የሰውየው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው የተዘጋው በ2001፣ ሴትዮዋ ያረፈችው በ2006 ሲሆን፣ በመካከሉ በራሷ ሥራ በኩል መድን እንደነበራትም በኋላ ተገለጸ። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ ሳይናገር ሞቷን ከሮምኒ ጋር አያያዘው። ስለ ቤን ካፒታል ከባድ ነቀፌታ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ የቴክሳሱ ገዥ ሪክ ፔሪ በሪፐብሊካኖቹ የእርስ በርስ ውድድር እንዲህ ያሉትን ኩባንያዎች ከጥንብ አንሳ ጋር አመሳስለዋቸው ነበር። የአንዲትን ሴት ሞት በሰው ላይ መላከክ ግን ከዚያ የተለየ ነው።

ስለ «ስደተኛን ይጠላሉ» ደግሞ ይህን ልበል። ዲቪ የምንለውን ዕድል ያመጣውን የ1990ውን የኢሚግሬሽን ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ናቸው። እኔ ወደዚህ አገር የገባሁት በዚያ ሎተሪ ነው። ሮምኒ በጃንዋሪ 2012 ክርክር ላይ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ኑሮ ሲከብዳቸው ራሳቸው አገር ለቀው እንዲሄዱ ማድረግን እንደ መፍትሔ አቅርበዋል፤ ይህን ጠቅሰው ቢነቅፏቸው መልስ የለኝም። ጥላቻ ሲሉኝ ግን የማነበውን ወረቀት አስቀምጠዋለሁ።

የእኔ ወገን ንጹሕ ነው አልልም፤ ኦባማ አሜሪካ አልተወለዱም የሚለውን ውሸት ለዓመታት ያናፈሱት ከእኛው ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ሮምኒን የመሰለ ሰው በዚህ መጠን ከተወገዘ በኋላ፣ በ2016 ስለ ሌላ ዕጩ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ በአካባቢዬ ያሉ ብዙዎች የተለመደው ውግዘት ነው ብለው አለፉት። በፌብሩዋሪ 2020 በሴኔቱ የክስ ችሎት ላይ ከሪፐብሊካን ሴናተሮች መካከል ትራምፕ ጥፋተኛ ናቸው ብለው ድምፅ የሰጡት እኚሁ ሮምኒ ብቻ እንደነበሩም ይታወስ።

የታሪክ መምህር (ሲያትል)

የዳላሱ ወንድማችን ያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ተነሥተን ነቀፌታው ይለሳለስ ወደሚል ድምዳሜ እንዳንደርስ እሰጋለሁ። ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው የ1964ቱ ምርጫ ይመስለኛል፤ ያስቸገረዎት ቃል እዚያ የምርጫው ዋና ቃል ነበርና።

የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር በጁላይ ወር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሪፐብሊካን ዕጩነታቸውን ሲቀበሉ፣ ነጻነትን ለመከላከል ጽንፈኛ መሆን ኃጢአት እንዳልሆነ ተናገሩ። ቃሉን ሌሎች ከለጠፉባቸው በኋላ ራሳቸው አንሥተው ለበሱት ማለት ይቻላል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሕጉን የተቃወሙት የሪፐብሊካን ሴናተሮች ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ 27ቱ ደግፈውታል። ጎልድዋተር የ1957ቱንና የ1960ውን ሕግ የደገፉ ሰው ነበሩ፤ የተቃወሙበትም ምክንያት የፌዴራል መንግሥት በግል ንግድና በሥራ ቅጥር ውስጥ የመግባት ሥልጣን የለውም የሚል ነበር። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ግን በምግብ ቤት በር ላይ ሲመለስ ምክንያቱ ምንም አይጠቅመውም። ያን ድምፅ ጠቅሶ በኃይል መንቀፍ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ብናገረው አላፍርም።

በዚያው ዓመት ፋክት የተባለ መጽሔት ከ12,000 በላይ ለሆኑ የአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ላከ። መልስ ከሰጡት 2,417 ሐኪሞች ውስጥ 1,189ኙ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት በአእምሮ ብቁ አይደሉም አሉ፤ መጽሔቱም ቁጥሩን በሽፋኑ ላይ አወጣው። ሰውየውን መርምረው አልነበረም። ጎልድዋተር ከሰሱ፤ የፍርድ ሸንጎው በ1968 አንድ ዶላር የጉዳት ካሣና 75,000 ዶላር መቀጫ ፈረደላቸው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1973 አባላቱ ያልመረመሩትን ሰው ሕመም በአደባባይ እንዳይናገሩ ደነገገ፤ ደንቡ እስከ ዛሬ በጎልድዋተር ስም ይጠራል።

በሁለቱ መካከል የሚገኝም አለ። በሴፕቴምበር 7 ቀን የተወዳዳሪያቸው የዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመቻ አንድ ጊዜ ብቻ በከፈለበት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል እየነቀለች ስትቆጥር ቆይታ የኑክሌር ፍንዳታ ይከተላል። የጎልድዋተር ስም አልተጠራም። ሰውየው በቬትናም ጫካ ለማራገፍ አነስተኛ የአቶም መሣሪያ መጠቀም እንደሚቻል በቴሌቪዥን የተናገሩ ስለነበሩ ፍርሃቱ መነሻ ነበረው፤ ማስታወቂያው ግን የተናገሩትን ሳያሰማ ፍርሃቱን ብቻ ወሰደ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ አሳያቸዋለሁ፤ እስካሁንም በአንድ ሐሳብ ተስማምተን አናውቅም።

ጆንሰን በ44 ክፍለ ግዛቶች አሸነፉ። ጎልድዋተር ከራሳቸው አሪዞና ውጭ ያሸነፉባቸው አምስቱ ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ሉዊዚያና፣ ጆርጂያና ሳውዝ ካሮላይና ናቸው፤ የዚያ የሲቪል መብቶች ድምፅ ትርጉም ለደቡብ ነጭ መራጮችም ግልጽ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይኖርም። «ጽንፈኛ» የሚለውን ቃል እርስዎ ባይጽፉትም፣ የሰጡትን ድምፅ ከነቀኑ ከጻፉ አንባቢው ቃሉን ራሱ ያገኘዋል።

አዲስ መራጭ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ወረቀቱን ይዤ እንደገና ተቀመጥኩ። ያ ቃል ባለበት ቦታ ሁሉ ዕጩዎቹ የሰጡትን ድምፅ፣ ቀኑንና የሕጉን ስም ከኮንግረስ መዝገብ አውጥቼ ጻፍኩ፤ በሁለት ቦታ ግን መዝገቡ እንግሊዝኛው ከሚለው ጋር ስላልተስማማ አንቀጹን ሳልተረጉም ትቼዋለሁ። «ስደተኛን ይጠላሉ» የሚለውን አውጥቼ ዕጩው ስለ ቤተሰብ ማምጣት በአደባባይ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል አስገባሁ፤ እውነት ለመናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ያስደነግጣል። ረቂቁን ከነማብራሪያው ለዘመቻው አስተባባሪ ልኬያለሁ። ሁለቱን አንቀጾች መልሼ እንዳስገባ ከተጠየቅሁ ስሜ ከተርጓሚነት እንዲነሣ እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ በር ለማንኳኳት ግን እወጣለሁ።