ጡንቻ «ይኮማተራል»? የካልሲየምስ ግሥ የትኛው ነው?

ቲቸር ከሐዋሳ

እንደምን አደራችሁ። ትናንት ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አፋጠጠኝ። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማስረዳቱ ግን መጨረሻው አማርኛ ነው፤ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ። «ጡንቻ ሲሠራ ይኮማተራል» አልኳቸው። ሁላችንም የምንለው ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እንደ አሮጌ ጫማ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እስቲ አስቡት። የተኮማተረ ነገር ምንድነው? ዝናብ መትቶት ፀሐይ ላይ የከረመ ቆዳ። በፈላ ውሃ የታጠበ የሱፍ ሹራብ። ያረጀ ፊት። ሁሉም ተጨማደው ቀርተዋል፣ አይመለሱም። ጡንቻ ደግሞ በደቂቃ ስንት ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ሌላ ቃል የለንም ወይ? ካልሲየም እዚያ ውስጥ የሚሠራውንስ በየትኛው ግሥ እንናገረው? ያስራል? ይፈታል? ያዛል?

ጋሽ ፊደል

ልጄ፣ ተማሪሽ ልክ ነው። ማርክ ጨምሪለት።

ቃሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። «ተኮማተረ» አንቺ እንዳልሽው የቆዳ ቃል ነው። ማነስና መሸብሸብ እንጂ ኃይል የለበትም። የተኮማተረ ነገር ምንም አያነሳም።

«ተኮራመተ» የብርድ ነው። ኩርምት ብሎ ተኛ እንላለን። እሱን እንለፈው።

«ተሸማቀቀ» ግን ደስ ይላል። ዛሬ የምንሰማው ለኀፍረት ነው፤ ሰው ፊት የተሰደበ ሰው ይሸማቀቃል። ነገሩ ግን ከገመድ ጋር የተያያዘ ነው። ሸመቀቀ ማለት ገመዱን ስቦ አጠበቀ ነው፣ ሸምቀቆም የዚያው ቤተሰብ ነው። የኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፉት ልጆች «ጡንቻው ተሸማቅቆበት ወጣ» ሲሉ ሳያውቁት ጥሩ አማርኛ ይናገራሉ። ችግሩ ይህ ቃል የሕመም መሆኑ ነው። ጤነኛ ጡንቻ ይሸማቀቃል ብንል ያስቀይማል።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ጨመደደኝ» ነው። ሌሊት ብድግ ብለን «ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ» እንላለን። ማነው የያዘን? ግሡ ባለቤት አለው፤ «እሱ» ይላል። ግን እሱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ልማድ አለው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ጨመደደኝ። ሁሉም ውስጥ አንድ ስሙ ያልተነገረ አድራጊ ተደብቋል። የአንቺ ካልሲየም እሱ ይሆን እንዴ?

ባለሳይክሉ

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ታካሚዎቼ ሦስት ነገር ነው የሚሉኝ፤ «ጨመደደኝ»፣ «አሰረኝ»፣ ወጣቶቹ ደግሞ «ክራምፕ ያዘኝ»። ሲሻላቸው ሁሉም «ተፍታታልኝ» ይላሉ። ከስፖርት በፊትም የምንሠራው «ማፍታታት» ይባላል። ስለዚህ ለሕዝባችን ጡንቻ ሲሠራ ቋጠሮ ነው፣ ሲያርፍ የተፈታ ቋጠሮ ነው። መታሰር ሥራ፣ መፈታት ዕረፍት። እኔ በዚሁ እቀጥል ነበር።

ቲቸር ከሐዋሳ

ባለሳይክሉ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እሱን ላፈርስብህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው ዓሣ ገበያ ነበርኩ። ጀልባዎቹ ገና መድረሳቸው ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው ተገትረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አንዱ ልጅ ቆሮሶ ዓሣ ሰንጥቆ፣ ቆዳውን ገፎ፣ ሥጋውን ለብቻ አወጣልኝ። እጁ እንዴት እንደሚፈጥን! ጨው ነሰነስኩበት። ሥጋው ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላት የለው፣ አከርካሪ የለው፣ ሰሌዳው ላይ ብቻውን ይርገበገባል። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ አማተበች። ልጁ ግን ዳጣውን እያቀረበ «ነፍሱ አልወጣችም፣ ትኩስ ነው» አለኝ።

ነፍስ አይደለም፣ ካልሲየም ነው። ዓሣው ቢሞትም ሴሎቹ ለጥቂት ጊዜ ጉልበት አላቸው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሴሉን ግድግዳ ኤሌክትሪክ ያናጋዋል። በሕይወት እያለን ይህን የሚያደርገው ነርቭ ነው። በሴሉ ውስጥ ደግሞ ካልሲየም የሚከማችበት ጎተራ አለ። ኤሌክትሪኩ ሲናጋ የጎተራው በር ይከፈታል፣ ካልሲየሙ ይዘረገፋል። ሁሉም በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ያልቃል።

አሁን ወደ ቃሉ። ጡንቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክር አለ። ወፍራሙ ማዮሲን፣ ቀጭኑ አክቲን። ማዮሲኑ ብዙ እጅ አለው። እጆቹ ተዘርግተው፣ ተወጥረው ይጠብቃሉ። ግን አይይዙም። ለምን? አክቲኑ ላይ ያለው መያዣ ቦታ ተሸፍኗል። ትሮፖማዮሲን የሚባል ረጅም ነገር ተጋድሞበታል። በእሱ ላይ ትሮፖኒን እንደ መቀርቀሪያ ተለጥፏል። ካልሲየም ሲመጣ ትሮፖኒኑ ላይ ቁጭ ይላል። ትሮፖኒኑ ቅርጹን ሲለውጥ ያንን የተጋደመውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ቦታው ተገለጠ። እጆቹ ያዙ፣ ሳቡ።

አያችሁ? ካልሲየም ራሱ አንድም ነገር አይስብም፤ አያስርምም። የሠራው ነገር ቢኖር መግለጥ ብቻ ነው። ጡንቻው ዕረፍት ላይ እያለ ነው የተቆለፈው! እኛ ደግሞ ስናርፍ «ተፈታን» እንላለን።

ትሮፖኒንን ያገኘው ሴትሱሮ ኢባሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር። ከዚያ በፊት ካልሲየም የሆነ ነገር እንደሚያደርግ ይታወቅ ነበር። ግን ማንን እንደሚነካ አልተገኘም ነበር። ጋሽ ፊደል፣ ልክ እንደ እርስዎ «ጨመደደኝ»፤ ግሡ አለ፣ ባለቤቱ አልታወቀም።

ጋሽ ፊደል

አሁን ገና ጨዋታ መጣ። እንግዲህ «ገለጠ» ነዋ። ክዳን ገለጠ፣ ብርድ ልብስ ገለጠ፣ ገጽ ገለጠ። ውስጡ ያለውን አይነካም፣ መንገዱን ብቻ ይሰጣል። ጥሩ ግሥ ነው። «ካልሲየም ይገልጣል» ብለሽ ጻፊ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እነዚያ ክሮች ሲሳቡ ያጥራሉ ወይ? ካጠሩ «ተኮማተረ» ዳኛ ፊት ሊከራከር ይችላል።

ቲቸር ከሐዋሳ

አያጥሩም! ዋናው ነገር እሱ ነው። በ1954 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ቡድኖች በአንድ ሰሞን ያሳዩት ይህንን ነው። አንዱን ቡድን አንድሪው ሃክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሌላውን ሂው ሃክስሊና ጂን ሃንሰን ይዘውት ነበር። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመድ አይደሉም፣ ስማቸው ነው የገጠመው። ክሮቹ ርዝመታቸው እንዳለ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች አጠላልፉና ወደ ውስጥ ግፉ። ጣቶቻችሁ አላጠሩም፣ በእጆቻችሁ መካከል ያለው ርቀት ግን ጠበበ።

ጋሽ ፊደል

እንግዲያው ነገሩ አለቀ። ቃሉ «ተሳሳበ» ነው። ሳበ ብቻ አይደለም፣ እርስ በርስ ነው። ግሡ ራሱ ሁለት ወገን ይፈልጋል። «ጡንቻ ይሳሳባል።» በሬም ሞፈር ይስባል፣ ጉልበትም አለበት፣ ተመልሶም ይላላል። «ተኮማተረ» ለጫማው ይቅር።

ባለሳይክሉ

በማፍታታቴ ላይ የተፈረደብኝን ተቀብያለሁ። ግን ማረፍ ራሱ እንዴት ነው? ካልሲየሙ ወዴት ይሄዳል?

ቲቸር ከሐዋሳ

ወደ ጎተራው ይመለሳል። በራሱ ፈቃድ ግን አይመለስም። ፓምፕ አለ፣ አንድ ኤቲፒ ከፍሎ ሁለት ካልሲየም ይመልሳል። ኤቲፒ ሴሉ ጉልበት የሚከፍልበት የኪስ ገንዘቡ በሉት። ሌላም ክፍያ አለ። ማዮሲን አንዴ ከያዘ ያለ ኤቲፒ አይለቅም። ይዞ መቅረት ነፃ ነው፣ መልቀቅ ነው የሚያስከፍለው።

ይህን ሁላችንም አይተነዋል፣ ስሙን አላወቅነውም እንጂ። አያቴ ያረፈች ሌሊት የሰፈር ትልልቅ ሴቶች መጡ። ገና ከመግባታቸው «ሳትደርቅ፣ ሳትደርቅ» ይባባሉ ነበር። ዓይኗን ከደኑ። አገጯን በነጠላ ቅዳጅ ከአናቷ ጋር አሰሩ። እጇን አስተካከሉ፣ ሁለቱን የእግር አውራ ጣቶች አንድ ላይ ቋጠሩ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለምን እንደሚቸኩሉ አልገባኝም፣ አስከፍቶኛልም። ዛሬ ይገባኛል። ሰው ሲሞት ኤቲፒ ያልቃል። ካልሲየም ከጎተራው ይፈሳል፣ የሚመልሰው የለም። የማዮሲኑ እጆች ይይዛሉ፣ የሚያስለቅቃቸው የለም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰውነት ይደርቃል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፕሮቲኑ ራሱ መፈራረስ ሲጀምር ይላላል። እነዚያ ሴቶች ሰዓቱን ያውቁት ነበር።

ጋሽ ፊደል

ነፍስ ይማር። «ደረቀ» ቃሉ ግን ትንሽ ያስታል። ውሃ አልጎደለም እኮ። «አልለቅም ብሎ ቀረ» ነው ነገሩ። ለነገሩ አልለቅም ያለ ሰውንስ «ደረቅ» አይደል የምንለው? ሳያውቁት ገጥሟል።

የቡና ሰዓት

ከመሃል ገባሁ፣ ይቅርታ። እናቴ ሁልጊዜ «ወተት ጠጪ፣ ጡንቻሽ ይጠንክር» ትለኛለች። ትክክል ናት?

ቲቸር ከሐዋሳ

ለአጥንትሽ ትክክል ናት። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ክንድሽን ስታጥፊ የሚዘረገፈው ግን ያው የጎተራው ነው፣ ወጥቶ ይገባል እንጂ ከብርጭቆው በቀጥታ አይመጣም። ልብ ላይ ነገሩ ይለያል፤ የልብ ጡንቻ በእያንዳንዱ ምት ከውጭም ካልሲየም ማስገባት አለበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የእንቁራሪት ልብ በለንደን የቧንቧ ውሃ በተሠራ የጨው ውሃ መታለት፣ በተጣራ ውሃ ሲሠራው ግን አልመታ አለው። ሚስጥሩ ቧንቧው ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር። ግድግዳ የምንቀባው ኖራም ካልሲየም አለበት፤ ካልሲየም የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከላቲኑ የኖራ ቃል ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልጨምርልሽ። ደም ውስጥ ካልሲየም በጣም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ተቃራኒው ነው፣ እጅ ይጨመድዳል። ነርቮቹ ቁጡ ይሆናሉ፣ ሳይታዘዙ ይተኩሳሉ። ሌሊት ባት የሚጨመድደን ሁሉ ግን በዚህ አይደለም፤ ለባለሳይክሉ ልተውለት።

ባለሳይክሉ

ሳብ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ተነሥታችሁ ቁሙበት። ትርጉሙን በኋላ እንወያያለን።

ቲቸር ከሐዋሳ

ዛሬ ክፍል ገባሁና በኩራት «ጡንቻ ይሳሳባል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የሚሳሳቡት ፍቅረኛሞች አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ፊደል

ማርኩን መልሺ።