የሚኒያፖሊሱ ቃጠሎ እና የፖሊስ ተጠያቂነት፦ ፍትሕን ያመጣው የቱ ነው?

ዳዊት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሚኒሶታ ነው። በቤታችን ውስጥ በየጊዜው የሚነሣ፣ እስካሁን ግን እልባት ያላገኘ ክርክር አለ፤ ረጋ ብላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ ከ9 ደቂቃ በላይ አንገቱ ላይ ተንበርክኮበት ሕይወቱ አለፈ። በማግስቱ በቦታው የነበሩት አራቱም ፖሊሶች ከሥራ ተባረሩ፤ ነገር ግን አንዳቸውም አልታሰሩም። ሜይ 28 ሌሊት የሦስተኛው ቀጣና ፖሊስ ጣቢያ ተቃጠለ። ሜይ 29 ሾቪን ተይዞ በግድያ ወንጀል ተከሰሰ። ትልቁ ልጄ እነዚህን ቀኖች በቅደም ተከተል እየጠራ «ጣቢያው ባይቃጠል ኖሮ ማንም አይታሰርም ነበር» ይለኛል። እኔ ደግሞ በሌክ ጎዳና የወደሙት ሱቆች ከዓይኔ አይጠፉም፤ ብዙዎቹ እንደ እኛው ከሰው አገር መጥተው፣ ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው የከፈቷቸው ነበሩ። ልጄ የሚናገረው ከቁጣ ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ወጣት ሆኖ መኪና በሚያሽከረክርበት አገር የራሱ ሕይወት ጉዳይ ስለሆነበት ነው። ስለዚህ «ዝም በል» ብዬ ልመልሰው አልፈልግም። ሁከቱ በእውነት ተጠያቂነትን አምጥቷል? ካላመጣ፣ ያመጣው ምንድን ነው?

ሔለን

አቶ ዳዊት፣ ልጅዎ የጠቀሳቸው ቀኖች ትክክል ናቸው። የከተማው መታመስ ክሱን አላፋጠነውም ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን መከሰስና ጥፋተኛ ተብሎ መቀጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ ፖሊስ ሰው ገድሎ የሚከሰሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ከተከሰሱትም ጥፋተኛ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። በዚያው በሚኒሶታ በጁላይ 2016 ፊላንዶ ካስቲልን መኪናው ውስጥ እንዳለ ተኩሶ የገደለው ፖሊስ ተከሶ ነበር፤ በ2017 ግን ነፃ ወጣ። ሾቪን ኤፕሪል 20 ቀን 2021 በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ ሲባልና በኋላም 22 ዓመት ከመንፈቅ ሲፈረድበት፣ ለዚያ ያበቃው ማስረጃና ማስረጃውን በብርቱ ይዞ የቀረበ ዐቃቤ ሕግ ነው።

ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣውን መግለጫ ያስታውሱ። «በፖሊስ ቁጥጥር ላይ ሳለ የጤና ችግር የገጠመው ሰው ሞተ» የሚል ይዘት ያለው ነበር፤ ስለ ጉልበትና ስለ አንገት አንዲት ቃል አልነበረችበትም። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከእግረኛ መንገድ ላይ ቆማ በስልኳ ባትቀርፀው ኖሮ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን ጉዳዩን ተረከቡ፤ የፖሊስ አዛዡ ሜዳሪያ አራዶንዶ ራሳቸው ችሎት ቆመው፣ ሾቪን ያደረገው ነገር የመምሪያውን ደንብ የሚጥስ እንደሆነ መሰከሩ። አዛዥ በገዛ ፖሊሱ ላይ ሲመሰክር ምን ያህል ጊዜ አይተናል?

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ2017 ሾቪን አንድን የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በእጅ ባትሪ ጭንቅላቱን መትቶ፣ መሬት ላይ አስተኝቶ ለረጅም ደቂቃዎች በጉልበቱ ተጭኖት ነበር። ይህን በ2021 በፌዴራል ፍርድ ቤት ራሱ አምኗል። ድርጊቱ የተቀረፀው በመንገደኛ ስልክ አልነበረም፤ በፖሊሶቹ ደረት ላይ በተሰቀለ ካሜራ ነበር። ይኸውም ማስረጃው ለሦስት ዓመታት በመምሪያው እጅ ነበር፤ ሰውዬው ግን ሥራው ላይ ቆየ፣ እንዲያውም አዳዲስ ፖሊሶችን ያሠለጥን ነበር። ያ ፊልም በወቅቱ በተገቢው መንገድ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ፍሎይድ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ጣቢያውም ባልተቃጠለ ነበር። ልጅዎ ሊጠይቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ፣ ያን ፊልም የማየት ግዴታ የነበረበት ማን እንደሆነና ባለማየቱ ምን እንደደረሰበት ነው።

ግርማ

በ1992 ሎስ አንጀለስ ነበርኩ። ጥቁሩን አሽከርካሪ ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች ኤፕሪል 29 ቀን ጥፋተኛ አይደሉም ሲባል የተሰማኝን ምሬት ዛሬም አልረሳውም። በሚቀጥሉት ቀናት ግን ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጠፋው ንብረት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው ከፍርዱ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሰዎች ላይ ነው። በሰፈሬ አንድ ኮሪያዊ ባለሱቅ ነበሩ፤ ቃጠሎው በበረደ ጊዜ ከፍርስራሹ ውስጥ የዱቤ ደብተራቸውን ሲፈልጉ አገኘኋቸው። ደብተሩ ላይ የሰፈሩት ስሞች በሙሉ የጎረቤቶቻችን ነበሩ። የኢንሹራንስ ገንዘብ አላገኙም፤ ሱቁም ተመልሶ አልተከፈተም። እነዚያን ፖሊሶች ነፃ ካወጣው የዳኞች ቡድን ውስጥ በዚያ እሳት አንድ ሳንቲም የከሰረ የለም።

ስለዚህ «ሁከት ባይኖር ማንም አይሰማም ነበር» የሚለውን አባባል ለመቀበል ይቸግረኛል። በ1965 በአላባማ ግዛት በሴልማ ድልድይ ላይ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የተሰለፉ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች እጃቸውን ሳያነሡ ተደብድበው፣ ያ ግፍ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የመምረጥ መብት ሕጉ በአምስት ወር ውስጥ ጸደቀ። ከዚያ በተቃራኒ ዲትሮይትና ኒዋርክ በ1967 ከነደዱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት የከርነር ኮሚሽን የችግሩ ሥር የነጮች ዘረኝነት መሆኑን በግልጽ ቢጽፍም፣ መንግሥት ለምክረ ሐሳቦቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በ1968 ምርጫውን ያሸነፈው «ሕግና ሥርዓት» ብሎ የቀሰቀሰው ኒክሰን ነው። ኦማር ዋሶው የተባሉ ተመራማሪ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1960ዎቹ ሰላማዊ ተቃውሞ ለመብት ትግሉ የሕዝብ ድጋፍ ሲጨምር፣ ሁከት በአንጻሩ ነጭ መራጮችን ወደ ኒክሰን እንደገፋ አሳይተዋል። አቶ ዳዊት፣ ለልጅዎ ቁጣው ትክክል መሆኑን ይንገሩት፤ እሳቱ ግን የጠላቱን ቤት እንዳልነካ አይደብቁት።

ሰናይት

አቶ ግርማ፣ ስለ ባለሱቁ የጻፉትን ሳነብ አዝኛለሁ፤ በእሳቱ የከሰረው ማን እንደሆነ የተናገሩትንም እቀበላለሁ። ነገር ግን የሎስ አንጀለሱ ታሪክ ሌላ ክፍል አለው። የክሪስቶፈር ኮሚሽን ስለ ከተማው ፖሊስ ያካሄደውን ጥናት ያወጣው በጁላይ 1991 ነው፤ ይህም ከሁከቱ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። ከመጠን በላይ ኃይል በመጠቀም በተደጋጋሚ የሚከሰሱ ፖሊሶች እንዳሉና ኃላፊዎቻቸው እያወቁ ዝም እንዳሏቸው ጽፏል፤ አዛዡ ዳሪል ጌትስ እንዲለቁ፣ የአዛዡም የሥራ ዘመን እንዲገደብ መክሯል። ጌትስ ግን ዛሬ ነገ እያሉ በወንበራቸው ቆዩ። በመጨረሻ የለቀቁት በጁን 1992 ነው፤ የሥራ ዘመኑን የሚገድበው ማሻሻያም በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው በዚያው ወር ነው። በ1994 ደግሞ ኮንግረስ፣ የፍትሕ ሚኒስቴር የዜጎችን መብት በልማድ የሚጥስ የፖሊስ መምሪያን መክሰስ የሚችልበትን ሥልጣን ሰጠ። ይህን ስል ሁከቱን ለማመስገን አይደለም። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ትክክለኛ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ ባለሥልጣናት የተንቀሳቀሱት ከተማ ከነደደ በኋላ ከሆነ፣ ወጣቱ ከዚህ ምን እንዲማር እንጠብቃለን? ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሁከት ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች ቋንቋ ነው ያሉት ለዚህ ነው። በዚያው ንግግራቸው ሁከት አጥፊና ራስን የሚጎዳ መሆኑንም ተናግረዋል። ሰዎች ከሁለቱ አንዱን መዝዘው ይጠቅሳሉ እንጂ እሳቸው ያሉት ሁለቱንም ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ሁከት» የሚለው ስያሜ የሚለጠፈው ሁልጊዜ በሰልፈኛው ላይ ነው። የግጭት መረጃ የሚያሰባስበው አክሌድ በ2020 የበጋ ወራት ከተመዘገቡት «የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው» ከሚለው እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ሰልፎች ከ93 በመቶ በላይ ሰላማዊ እንደነበሩ አሳውቋል። ፖሊስስ? በሰዓት እላፊው ምሽት በሚኒያፖሊስ ፖሊሶች ምንም ምልክት ከሌለው ነጭ መኪና ውስጥ ሆነው መንገድ ላይ ባገኟቸው ሰዎች ላይ የፕላስቲክ ጥይት ይተኩሱ ነበር። ከተመቱት አንዱ ወንበዴዎች መስለውት በሕጋዊ መሣሪያው መልሶ ተኮሰ፤ ፖሊሶች መሆናቸውን ሲያውቅ መሣሪያውን ጥሎ በደረቱ ተኛ፤ እነሱ ግን እንደተኛ ደበደቡት። የመግደል ሙከራ ተብሎ የተከሰሰው እሱ ነበር። በ2021 ዳኞች ነፃ አወጡት፤ ከተማውም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለው። ነፃ ያወጣው ድርጊቱን የቀረፀው ቪዲዮ ነው። የተቃውሞው ርእስ የፖሊስ ተጠያቂነት ሆኖ ሳለ፣ ፖሊስ በተቃዋሚው ላይ ያደረሰውን ወደ ጎን ትቶ ስለ ሁከት ብቻ መነጋገር ግማሹን ጉዳይ መዝለል ነው።

ዳዊት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህት ሔለን የጠቀሱትን የ2017ቱን ጉዳይ ልጄ አያውቀውም ነበር፤ አብረን አነበብነው። አሁን የሚጠይቀኝ ተቀይሯል። «እንዲህ ያለ ሰው ሥራው ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው? እኛስ ምን ልናደርግ እንችላለን?» ይላል።

ዮናስ

ጥያቄው ትክክለኛው ቦታ ላይ ደርሷል፤ ምክንያቱም በደንብ ብቻ ከሆነ ሚኒያፖሊስ ደንብ አላነሰውም። አንድ ፖሊስ ባልደረባው ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ጣልቃ ገብቶ እንዲያስቆም የሚያስገድደው ደንብ በከተማው የወጣው በ2016 ነው፤ ፍሎይድ ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት። በቦታው የነበሩት ሦስቱ ባልደረቦቹ ግን ሾቪንን አላስቆሙትም። እነዚህ ሦስቱ በፌብሩዋሪ 2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባላቸው ያን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርስ ሰጠው።

ጥፋተኛውን ሥራው ላይ የሚያቆየው አንደኛው ነገር የፖሊስ ማኅበራት ከከተሞች ጋር የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነትና ከእሱ ጋር የተያያዘው የግልግል ዳኝነት ነው። አዛዡ ያባርራል፤ ማኅበሩ ይግባኝ ይላል፤ የግልግል ዳኛው «ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ያጠፋ በእግድ ብቻ ታልፏል» ብሎ ይመልሰዋል። የትናንቱ ልልነት ለዛሬው ልልነት ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ የአገሪቱ ትልልቅ መምሪያዎች ከ2006 ጀምሮ ካባረሯቸው 1,881 ፖሊሶች 451ዱን በይግባኝ መልሰው እንዲቀጥሩ ተገድደዋል። ሚኒሶታ በጁላይ 2020 ሕጓን ስታሻሽል የፖሊስ ጉዳዮችን የሚያዩ የግልግል ዳኞች በመንግሥት ተመርጠው እንዲሠለጥኑና ተራ ገብተው እንዲመደቡ አድርጋለች። ይህ በዜና ብዙም አልተወራለትም፤ ለእኔ ግን ከብዙ መፈክር ይበልጣል።

ሁለተኛው ገንዘቡ የሚወጣበት ኪስ ነው። ለፍሎይድ ቤተሰብ የተከፈለው 27 ሚሊዮን ዶላር የወጣው ከከተማው ነው፤ ይህም ግብር ከፋዩ፣ ማለትም እርስዎም ጭምር ከፈሉ ማለት ነው። በፌዴራል ደረጃ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ያዳበሩት ከለላ አለ፤ የተጣሰው መብት ቀደም ሲል በተመሳሳይ ጉዳይ በግልጽ ያልተደነገገ ከሆነ፣ ፖሊሱ በፍትሐ ብሔር ከመከሰስ ይድናል። ኮሎራዶ በጁን 2020 ባወጣችው ሕግ በግዛቲቱ ሕግ በሚቀርብ ክስ ይህ መከላከያ እንዳይቀርብ አደረገች፤ በቅን ልቦና ያልሠራ ፖሊስም ከራሱ ኪስ እስከ 25 ሺህ ዶላር ሊከፍል ይችላል። ያ ሕግ የጸደቀው ሰልፎቹ በደመቁበት ወር ነው። በኮንግረስ ደረጃ ግን በፍሎይድ ስም የተሰየመው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አልፎ በሴኔቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል።

ለልጅዎ የምመክረው ዐይኑን ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ከተማው እንዲያዞር ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2023 በሚኒያፖሊስ ፖሊስ ላይ ከባድ ሪፖርት አውጥቶ ከከተማው ጋር የደረሰው ስምምነት፣ የፌዴራሉ አስተዳደር ከተቀየረ በኋላ በሜይ 2025 በራሱ በሚኒስቴሩ ጥያቄ ተሰርዟል። የግዛቲቱ የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት በ2023 በፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ግን ጸንቶ አለ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ገለልተኛ ቡድንም ሪፖርቶቹን ለሕዝብ ያወጣል። ከዚህም በላይ የከተማው ምክር ቤት በጁላይ 2024 ያጸደቀው የፖሊስ ውል በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 22 በመቶ የሚጠጋ የደመወዝ ጭማሪ ሰጥቷል። ምክር ቤቱ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ በምላሹ በዲሲፕሊን በኩል ያገኘው ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። የውል ድርድር በመጣ ቁጥር ልጅዎ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ በፖሊስ ላይ አቤቱታ ሲቀርብ የደረት ካሜራው ፊልም በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ይታያል? ሳይታይ ቢቀር የሚጠየቀውስ የትኛው ኃላፊ ነው? መልሱ በውሉ ወይም በመመሪያው ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ «እናስብበታለን» ከተባሉም በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሰው ይምጡ።