ሴቶች ካርዲዮሎጂን (የልብ ሕክምናን) ጠልተው ነው ወይስ ተገፍተው?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ ሴት)፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ አንድ ሲኒየር «ለሴት ኢንዶክራይን (የሆርሞን ሕክምና) ይሻላል፣ ልብ ሌሊት ያስነሳል» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። ወንዶቹን ግን እንዲህ አላሏቸውም። ሴቶች ካርዲዮሎጂን የማይመርጡት በፍላጎታቸው ነው ትላላችሁ?

ጠቅላላ ሐኪም (ወንድ)፦ በፍላጎታቸው ነው እላለሁ። አሜሪካ እንኳ ከልብ ሐኪሞች ሴቶቹ 15 በመቶ አካባቢ ናቸው። እዚያ ማን ከለከላቸው? ጨረሩንም አትርሱ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ካት ላብ (በኤክስሬይ እየታየ ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ የሚገባበት ክፍል) ውስጥ ስትውል ያሳስባል።

የካርዲዮሎጂ ፌሎው (ከስፔሻሊቲ በኋላ በልብ ሕክምና የምትሠለጥን ሐኪም፣ ሴት)፦ ዶክ፣ ካርዲዮሎጂ ካት ላብ ብቻ አይደለም። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፣ ጨረር የለውም። ካት ላብ የምትገባም ብትሆን እርግዝናዋን ካሳወቀች በኋላ ለፅንሱ የሚደርሰው የጨረር መጠን ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ይመከራል። ከሊድ አፕሮኑ (ጨረር ከሚከላከለው ሽርጥ) ሥር ሆዷ ላይ ሁለተኛ የጨረር መለኪያ ታደርጋለች። ደግሞስ ጨረሩ ወንዱን አይነካም? እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለመውለድ መቼ አስበሻል?» ተብያለሁ። ባለቤቴ ጅማ፣ እኔ አዲስ አበባ፤ መሃላችን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ሲሄድ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ትጠብቀዋለች። እኔ ስሄድ ግን «ቤቷን ጥላ ሄደች» ተባለ።

የልብ ክሊኒክ ነርስ (ሴት)፦ ታካሚዋንም አንርሳ እንጂ! በሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቮችን በሚጎዳው) የሚመጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። ማይትራል ቫልቯ (በግራ በኩል ባሉት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) የጠበበ ልጅ ስታረግዝ ደሟ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ልቧ ያን አይችልም። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የምትወስደዋም አለች። መድኃኒቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ የወር አበባዋ መቅረቱን ለወንድ ሐኪም አትናገርም። እሱ ሲወጣ ጠብቃ ለእኔ ነው የምትነግረኝ። እኔስ ባልኖርስ? ለሴቶች ቦታ ይያዝ ባይ ነኝ።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ይሄ ከባድ ነጥብ ነው ሲስተር፣ ልክ ነሽ። ኮታውን ግን አልደግፍም። በፈተና ያለፈ ይግባ።

ሬዚደንቷ፦ እኔም ኮታ አልጠየቅሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ልጅ አይጠየቅ። የወሊድ ፈቃድ የወጣች ደግሞ ሥልጠናዋን ካቆመችበት ትቀጥል።

ጠቅላላ ሐኪም፦ እሺ፣ እነዚያን ወራት ዱቲውን (ተረኝነቱን) ማን ይሸፍናል? እኛው አይደለን?

ፌሎዋ፦ እናንተ ላይ መጫኑ ልክ አይደለም፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ተተኪ ሰው መመደብ የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ይህን አብረን እንጠይቅ። እስከዚያው ግን የምትወልደዋን አትቁጧት።